ቤተሰብ ይዞ በመኪና በጣሊያን ገጠር፦ ከፍሎረንስ እስከ ኦርቪየቶ ደረጃ በደረጃ

ጣሊያንን ከቤተሰብ ጋር በመኪና ለመዞር ለሚያስብ ሰው መጀመሪያ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ መኪናው ለገጠሩ ነው፣ ከተማው የእግር ነው። የቶስካናና የኡምብሪያ የጥበብ ከተሞች የተሠሩት መኪና ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው። ዙሪያቸውን የድንጋይ ቅጥር አላቸው። በር አላቸው። መንገዳቸው ጠባብ ነው። ከቅጥሩ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ፤ ቀኑ ሰላም ይሆናል። ሁለተኛው ምክሬ ደግሞ በቀን አንድ ከተማ፣ በከተማው አንድ ትልቅ ነገር ነው። ልጆች ተይዘው ከዚያ በላይ ልይ ማለት አዋቂውንም ልጁንም ያደክማል።

እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ስምንት ሌሊት ይፈልጋል። ሁለት ሌሊት ፍሎረንስ ያለ መኪና፣ አራት ሌሊት ቫል ዶርቻ በሚባለው ገጠር፣ ሁለት ሌሊት አሲሲ አካባቢ፣ ከዚያ በኦርቪየቶ አድርጎ ወደ ሮም። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱና ወሩ በፈረንጆቹ ነው።

1. ወቅቱን ምረጡ

ምርጡ ሜይ ነው። ኮረብታው በሙሉ አረንጓዴ ስንዴ ይሆናል፤ በመሃሉ ቀይ አበባ ይፈነዳል። ጁን እየገፋ ሲሄድ ስንዴው ይበስልና ይታጨዳል። ኦገስት ስትደርሱ መሬቱ ታርሶ ቡናማ ሆኗል፤ ሙቀቱም ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ላይ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል አለ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ለዕረፍት የሚወጡበት ሰሞን ስለሆነ መንገዱም ማደሪያውም ይጨናነቃል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ካላስገደዳችሁ ኦገስትን ተዉት።

ሴፕቴምበርም ጥሩ ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ወይን ይለቀማል። ለመስቀል ሰሞን መሄድ ከቻላችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። አሬዞ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

2. ወረቀታችሁን አሟሉ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የሌላ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ ጣሊያን መቆየት ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከለንደን ለሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። በቤተሰቡ ውስጥ ፓስፖርቱ የተለያየ ከሆነ የእያንዳንዱን ለብቻ አጣሩ። አባት የአሜሪካ፣ አያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው አንድ መኪና ውስጥ መገኘታቸው በእኛ ቤት የተለመደ ነው።

መንጃ ፈቃዳችሁ የአውሮፓ ኅብረት ከሆነ እሱ ብቻ ይበቃል። የአሜሪካ ከሆነ ከእሱ ጋር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ መያዝ አለባችሁ፤ ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ቢሮ ሄዳችሁ ታወጡታላችሁ። ከሌላ አገር የምትመጡም መንጃ ፈቃዱን ባወጣችሁበት አገር ጠይቁ። ይህ ወረቀት የሚሰጠው እዚያው መንጃ ፈቃዱ በወጣበት አገር ስለሆነ ጣሊያን ገብቶ መፈለግ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር አትርሱ። መኪና አከራዮቹ መያዣ የሚይዙት በክሬዲት ካርድ ነው፤ ካርዱም በሹፌሩ ስም መሆን አለበት። ዴቢት ካርድ ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙዎቹ አይቀበሉም፣ ወይም ውድ ኢንሹራንስ ግዙ ይሏችኋል።

3. ማደሪያውን ከመኪናው በፊት ያዙ

የዚህ ጉዞ ልቡ አግሪቱሪዝሞ ነው። እንግዳ የሚያሳድር የገበሬ ቤት ማለት ነው። በሕግ የተደነገገ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ በእርግጥ የሚያርስ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ጠዋት ስትነሱ ወይራ ነው የምታዩት፣ ወይን ነው፣ አንዳንዱ ቤት በጎች አሉት። ልጆች ሙዚየሙን ቢረሱት ይሄን አይረሱትም።

ስትመርጡ አራት ነገር ጠይቁ። ወጥ ቤት አለው ወይ? መዋኛ አለው ወይ? ከአስፋልት የሚያስወጣው ጥርጊያ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ዳቦና ወተት የሚሸጥ ሱቅ ያለው ከተማ በስንት ደቂቃ ይደረሳል? መዋኛው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሥዕል ሲያይ የዋለ ልጅ ከሰዓት የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዕረፍቱ ወራት ብዙዎቹ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አናከራይም ይላሉ። አራት ሌሊት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሜይ ወይም ሴፕቴምበር የሚሻልበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ቦታው ፒየንዛ፣ ሳን ኪሪኮ ዶርቻ ወይም ሞንቴፑልቻኖ አካባቢ ይሁን። አንድ ቦታ አራት ሌሊት ማደር ሻንጣ በየቀኑ ከማሰርና ከመፍታት ያድናችኋል። ስትደርሱ የሁሉንም ፓስፖርት ይጠይቋችኋል። አትደንግጡ፤ እንግዶቻቸውን ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። በሌሊት በሰው የሚከፈል ትንሽ የከተማ ግብርም አለ፤ ትንንሽ ልጆችን አብዛኛው ቦታ አያስከፍልም።

ወጥ ቤት ካለ ሽሮና በርበሬ ያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትመጡ ከሆነ ግን ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አትጫኑ። የሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል።

4. መኪናውን ተከራዩ

ኦቶማቲክ የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ ያዙ። ጣሊያን ውስጥ ማንዋል ይበዛል፤ ኦቶማቲኩ ጥቂትና ውድ ነው። መጠኑንም በሰው ቁጥር ብቻ አትምረጡ። አምስት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና የአምስት ሰው ሻንጣ አትይዝም። እንደ እኔ ከኋላ ረዘም ያለች ስቴሽን ዋገን ይሻላል። ሰፊ ቫን ግን የገጠሩ ጠባብ መንገድ ላይ ያስጨንቃል፤ ከሰባት ሰው በታች ከሆናችሁ ተዉት።

ቁመቱ 1.50 ሜትር ያልሞላ ልጅ በልኩ የተሠራ መቀመጫ ወይም ከፍ ማድረጊያ ያስፈልገዋል። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ መቀመጫው ላይ ልጅ መረሳቱን የሚያሳውቅ መሣሪያ መኖር አለበት፤ ይህን አከራዩን በግልጽ ጠይቁ። የኪራይ መቀመጫ ውድ ነው። አየር መንገዳችሁ በነፃ የሚጭን ከሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ኢንሹራንሱን አንብቡት። ብዙው ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወትና የመኪናውን ሆድ አይሸፍንም። ቫል ዶርቻ ውስጥ ደግሞ ነጭ መንገድ የሚሏቸው የጠጠር መንገዶች ሞልተዋል። አግሪቱሪዝሟችሁ በጠጠር የሚደረስ ከሆነ ያንን የሚጨምረውን ኢንሹራንስ ግዙ።

5. ፍሎረንስን ያለ መኪና ጨርሱ

ፍሎረንስ ስትገቡ መኪና አያስፈልጋችሁም። በባቡር ወይም በአውሮፕላን ግቡ፣ መሃል ከተማ እደሩ፣ በእግር ዙሩ። መኪናውን የምትረከቡት በምትወጡበት ቀን ጠዋት አየር ማረፊያው አካባቢ ይሁን። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ትራም አለ፤ አየር ማረፊያው ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ስለሆነ ወደ ገጠሩ የሚወስደውን መንገድ በቀላሉ ትይዛላችሁ።

ኡፊዚ እና አካዴሚያ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ የሥዕልና የሐውልት ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው። የመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከየትም አገር ይምጣ ነፃ ናቸው። ሰዓት ግን አስቀድማችሁ አስይዙ፤ አለበለዚያ ቀኑ በሰልፍ ያልቃል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ አካዴሚያ ይሻላል። ሚኬላንጀሎ በ1504 የጨረሰውን የዳዊት ሐውልት ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ዳዊትና ጎልያድን ደግሞ የማያውቅ ልጅ የለም።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሳን ማርኮ ሂዱ። የድሮ ገዳም ነው። ፍራ አንጀሊኮ የሚባለው መነኩሴ በ1440ዎቹ አካባቢ የመነኮሳቱን ክፍሎች በየግድግዳው በሥዕል ሞልቷቸዋል። ደረጃውን ወጥታችሁ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ገብርኤል ማርያምን ሲያበስር ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ከዚያ ልጆቹ ክፍል በክፍል እየገቡ ‘ይሄ ምንድን ነው?’ እያሉ ይጠይቁ። ስቅለት፣ ልደት፣ ትንሣኤ፤ ሁሉንም ከቤተ ክርስቲያን ያውቁታል። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ ወደተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መጥተው ነበር። ይህ ገዳም በሚሣልበት ዘመን የእኛ ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ለልጆቹ ንገሯቸው።

የካቴድራሉ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፤ ሊፍት የለውም። ከስድስት ዓመት በታች ልጅና አያት ካሉ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል።

6. መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የመንዳቱን ሕግ ያዙ

ከሁሉ በላይ የሚያስቀጣው ዜድ ቲ ኤል ነው። የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ የተገደበበት ክልል ማለት ነው። ሁሉም ታሪካዊ ከተማ ማለት ይቻላል አለው። ምልክቱ ዳርቻው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ነው። መግቢያው ላይ ካሜራ አለ። ሰሌዳችሁን ያነሳል፣ ማንም አያስቆማችሁም፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። አከራዩ ድርጅትም ስማችሁን ለፖሊስ ስላስተላለፈ የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። በአንድ ከሰዓት ሦስቴ ከገባችሁ ሦስት ቅጣት ነው። አንዳንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ፤ ‘ቫርኮ አቲቮ’ ካለ ካሜራው እየሠራ ነውና አትግቡ። ‘ቫርኮ ኖን አቲቮ’ ካለ መግባት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ‘አቲቮ’ን ክፍት ነው ብሎ ይረዳዋል።

ጂፒኤስ ይህን ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም። መፍትሔው ቀላል ነው። የምትሄዱበትን የከተማውን ስም አትጻፉ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን የፓርኪንጉን ስም ጻፉ። ሲየና ከሆነ ሳንታ ካተሪና። አሬዞ ከሆነ ፒየትሪ። አሲሲ ከሆነ ሞያኖ። ኦርቪየቶ ከሆነ ካምፖ ዴላ ፊየራ። አራቱም ጋ ወደ ላይ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ፤ ጋሪ የሚገፋ ወላጅና ጉልበቱን የሚያመው አያት የሚገባው ነገር ነው። ከከተማው ቅጥር ውስጥ ሆቴል ካላችሁ የሰሌዳ ቁጥራችሁን ስጧቸው፤ ለፖሊስ አስመዝግበው ሻንጣ ለማውረድ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። ሳያስመዘግቡ ግን አትግቡ።

መንገድ ዳር ስታቆሙ የመስመሩን ቀለም እዩ። ሰማያዊ በክፍያ ነው፣ ነጭ በነፃ፣ ቢጫ ለነዋሪ ወይም ለአካል ጉዳተኛ የተያዘ። ነጩም አንዳንዴ የሰዓት ገደብ አለው፤ ያኔ የደረሳችሁበትን ሰዓት የሚያሳይ የካርቶን ሰዓት መስታወቱ ሥር ታስቀምጣላችሁ። የመንገድ ጽዳት ቀን የሚል ምልክትም አንብቡ። በዚያ ቀን የቆመ መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል።

ፈጣኑ መንገድ አውቶስትራዳ ይባላል፤ ምልክቱ አረንጓዴ ነው። ስትገቡ ከማሽኑ ትኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ትኬቱን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ከጠፋ ከመስመሩ ሩቅ መግቢያ እንደተነሳችሁ ቆጥረው ያስከፍላሉ። መውጫው ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ቴሌፓስ ለሚባለው፣ መኪናው ላይ በተገጠመ መሣሪያ ለሚከፍሉ ደንበኞች ነው፤ አትግቡበት። የእጅና የሳንቲም ሥዕል ያለበት ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፣ ሰማያዊው ካርድ። ፍጥነቱ በአውቶስትራዳ 130፣ ዝናብ ሲሆን 110፣ በገጠር መንገድ 90፣ በከተማ 50 ነው። ከከተማ ውጭ ቀንም ቢሆን መብራት ይበራል። ሁለት ካሜራ መካከል የተጓዛችሁበትን ጊዜ አስልቶ የሚቀጣ ሥርዓት ስላለ ካሜራው ጋ ብቻ ፍሬን መያዝ አያድንም።

ነዳጅ ስትቀዱ ‘ቤንዚና’ እና ‘ጋዞሊዮ’ን ለዩ፤ ሁለተኛው ናፍጣ ነው። አንድ ማደያ ሁለት ዋጋ ይለጥፋል። ‘ሰልፍ’ ራሳችሁ የምትቀዱበት ነው፤ ‘ሰርቪቶ’ ሠራተኛ የሚቀዳላችሁ ሲሆን ይወደዳል። የገጠር ማደያ በምሳ ሰዓትና እሁድ ሠራተኛ ላይኖረው ስለሚችል ግማሽ ታንክ ሲቀራችሁ ሙሉ።

7. ገጠሩ

ከፍሎረንስ ስትወጡ አውቶስትራዳውን ተዉት። ኤስ አር 222 የምትባለዋን የኪያንቲ መንገድ ያዙ። በወይንና በወይራ መካከል እየተጠማዘዘች ግሬቬ ትደርሳለች፣ ከዚያ ካስቴሊና። ግሬቬ ሦስት ማዕዘን የሆነ አደባባይ አላት፤ ቆማችሁ ምሳ ብሉ። ልጅ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ስልክ አታሳዩት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አቁሙ። ከግሬቬ እስከ ሲየና ያለው መንገድ ውብ ቢሆንም ቀጥ ያለ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሳን ጂሚኛኖ ለምን አትሄዱም ይላችኋል። በመካከለኛው ዘመን ከነበሩት 72 ያህል ማማዎች 14ቱ ዛሬም ቆመዋል፤ ውብ ከተማ ናት። ግን እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ይሞላታል። ልጅ ይዤ በዚያ ሰዓት አልሄድም። አንድ ሌሊት ጨምራችሁ ውስጥ ማደር ከቻላችሁ ሂዱ፤ ማታና ጠዋት የእናንተ ትሆናለች። ካልቻላችሁ ዝለሏት።

ቫል ዶርቻ ከገባችሁ በኋላ አንዱን ቀን ለሲየና ስጡ። ፒያሳ ዴል ካምፖ ወደ መሃል ያዘቀዘቀ ሰፊ የጡብ አደባባይ ነው፤ ልጆች ይሮጡበታል፣ ይተኙበታል፣ ማንም አይከለክልም። ከአደባባዩ ሥር ያለው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና 1339 የሣለው መልካምና ክፉ አስተዳደር የሚባለው የግድግዳ ሥዕል አለ። እንዲያልፋችሁ አልፈልግም። መልካሙ በኩል ከተማው ይሠራል፣ ሰው ይጨፍራል፣ ከበሩ ውጭ ገበሬው ያርሳል፣ አህያ ተጭና ትመጣለች። ልጆቹ አሳማውን፣ አዳኙን፣ ወፍጮውን እንዲፈልጉ አድርጉ። ከዚያ ወደ ማደሪያችሁ ስትመለሱ በመስኮት የሚታየው ኮረብታ ያው የሥዕሉ ኮረብታ ነው። ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 የፓሊዮ ፈረስ እሽቅድምድም አለ። በእነዚያ ቀናት ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ፤ አደባባዩ በሰው ይጠቀጠቃል፣ መውጣት አይቻልም።

ሌላው ቀን ፒየንዛ ይሁን። ትንሽ ናት። ፓፓ ፒዮ ሁለተኛ የተወለደባትን መንደር ከ1459 ጀምሮ ምሳሌ የምትሆን ከተማ አድርጎ አሠራት። በግማሽ ሰዓት ትጨርሷታላችሁ፤ የቀረውን ጊዜ ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሸለቆውን እያያችሁ ተቀመጡ። ከፒየንዛ ወደ ሳን ኪሪኮ በሚወስደው መንገድ ዳር እነዚያ በፎቶ የምታውቋቸው የፈረንጅ ጥዶችና የቪታሌታ ጸሎት ቤት አሉ። መኪና ማቆሚያ በተሠራበት ቦታ ብቻ ቁሙ። ለፎቶ ብላችሁ ስንዴው ውስጥ አትግቡ፤ የሰው እርሻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባኞ ቪኞኒ ውረዱ። የመንደሩ አደባባይ ራሱ የፍል ውኃ ገንዳ ነው። እዚያ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ግን ውኃው ከመንደሩ ወጥቶ በድሮ ወፍጮዎች በኩል ወደ ገደሉ ይወርዳል። በትንንሽ ቦዮች እየሄደ ሲመጣ ለብ ይላል። ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን ንከሩ። ልጆቹን ከዚያ ማስነሳት ከባድ ነው።

ምግቡን በተመለከተ ሰዓቱን እወቁ። ምሳ ከቀኑ 6፡30 እስከ 8፡30 ነው፤ ካለፋችሁ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። እራት ከምሽቱ 1፡30 በፊት አይጀመርም፤ ልጅ እስከዚያ አይቆይም። ስለዚህ በየመንደሩ ካለው የምግብ ሱቅ ዳቦ፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ገዝታችሁ መኪና ውስጥ ያዙ። ትንንሽ ሱቆች ከ7 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፤ አሠራሩ ነው እንጂ ተረስቶ አይደለም።

በጾም ከሆናችሁ፣ በተለይ የፍልሰታ ጾም ኦገስት ላይ ስለሚውል፣ ቶስካና ትመቻችኋለች። ፒቺ የሚባለው ወፍራም ፓስታ በዱቄትና በውኃ ብቻ ይሠራል፤ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ሱጎ እዘዙት። ፓፓ አል ፖሞዶሮ የዳቦና የቲማቲም ሾርባ ነው። ባቄላ በወይራ ዘይት በየቤቱ አለ። ‘ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ካርኔ’ በሉ፤ ያለ አይብ፣ ያለ ሥጋ ማለታችሁ ነው። አስተናጋጁ ግራ አይጋባም።

8. አሬዞ፦ ደመራን ግድግዳ ላይ ማየት

ቫል ዶርቻን ስትለቁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ አሬዞ ንዱ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ይህችን ከተማ ብዙ ሰው ይዘላታል። ለእኛ ግን ከጉዞው ሁሉ ዋናዋ ናት እላለሁ። በሳን ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመንበሩ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ፒየሮ ዴላ ፍራንቸስካ ከ1450ዎቹ ጀምሮ የሣለው የእውነተኛው መስቀል ታሪክ አለ። ሰዓት አስቀድማችሁ አስይዙ፤ ጥቂት ሰው ለአጭር ጊዜ ነው የሚያስገቡት።

ከአዳም ሞት ይጀምራል። ከቀኝ ግድግዳ መካከለኛው ረድፍ ላይ ንግሥተ ሳባን ፈልጉ። ድልድይ የሆነውን እንጨት አይታ ተንበርክካለች፤ ቀጥሎ ከሰለሞን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ቆማለች። ሠዓሊው በራሱ ዘመንና በራሱ አገር ልብስ ነው ያለበሳት፤ ልጆቹ ‘ማክዳ ናት?’ ብለው ይጠይቃሉ፣ አዎ በሏቸው። ከዚያ ዞር በሉ። ፊት ለፊቷ በግራው ግድግዳ በዚያው ረድፍ እሌኒ አለች። ሦስቱ መስቀሎች ከመሬት ሲወጡ ታያላችሁ። ቀጥሎ አንዱ መስቀል የሞተ ሰው ላይ ሲያርፍ ሰውየው ይነሳል። ከኋላ ያለችው ኢየሩሳሌም አሬዞን መስላ ተሥላለች። ቦታውን የሚያውቀው ይሁዳ የተባለ ሰውም አለ፤ ከጉድጓድ ሲያወጡት ነው የሚታየው። ታሪኩ ላይ በኋላ ተጠምቆ ኪራኮስ ተባለ። እኛ የምናውቀው አረጋዊው ኪራኮስ እሱ ነው።

የእኛ ታሪክ ላይ የዕጣኑ ጢስ አለ፣ እዚህ የለም። እነሱ ጋ የአዳም ልጅ የተከለው ዛፍ አለ። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት። ከመግባታችሁ በፊት በመኪና ውስጥ የደመራን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሯቸው፤ ውስጥ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ እዚያ ማስረዳት አይበቃም። መስቀል ሴፕቴምበር 27 ነውና በዚያ ሳምንት እዚህ መቆም ለአንድ የሐበሻ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ትረዳላችሁ።

ልብ በሉ፦ ቤተ ክርስቲያኖች ከ6፡30 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ አንድ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ካለ ጭንቀት የለም።

9. አሲሲና ኦርቪየቶ

አሲሲ ላይ የቅዱስ ፍራንቸስኮ ባዚሊካ በ1228 ተጀመረ። መግቢያው ነፃ ነው። የላይኛው ቤተ ክርስቲያን 28 ሥዕሎች የቅዱሱን ሕይወት ተራ በተራ ይነግራሉ፤ ብዙዎች የሠዓሊው የጆቶ ናቸው ይላሉ። ልጆቹ ለወፎች ሲሰብክ የሚያሳየውን ይፈልጉ። በ1997 የመሬት መንቀጥቀጥ ጣሪያው ተደርምሶ አራት ሰው ሞቶ ነበር፤ ስብርባሪው አንድ በአንድ ተለቅሞ ነው የተጠገነው። ከተማው ቁልቁለት ስለሆነ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ባዚሊካው ውረዱ፣ ስትመለሱ አውቶቡስ ያዙ።

ከአሲሲ ኦርቪየቶ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ገደል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ካቴድራሉ ውስጥ ሉካ ሲኞሬሊ የሣለው የዓለም መጨረሻ አለ፤ የሚያስፈራ ስለሆነ ለትንንሾቹ ተዉት። ለእነሱ የሳን ፓትሪዚዮ ጉድጓድ አለ። ከ1527ቱ የሮም ዘረፋ በኋላ ፓፓ ክሌመንስ ሰባተኛ ያስቆፈረው፣ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የውኃ ጉድጓድ ነው። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉት፤ አንዱ መውረጃ፣ አንዱ መውጫ። ውኃ የሚቀዱ በቅሎዎች መንገድ ላይ እንዳይጋጠሙ ነው። 248 ደረጃ ነው። አባት በአንዱ፣ ልጅ ከእናቱ ጋር በሌላው ገብተው በመስኮቶቹ ሲተያዩ ያኔ አሠራሩ ይገባል።

10. መኪናውን መልሱ

ሮም መሃል መኪና አታስገቡ። ወይ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ መልሱትና በባቡር ግቡ፣ ወይ ኦርቪየቶ ላይ የሚቀበል አከራይ ካገኛችሁ እዚያው አስረክባችሁ ባቡር ያዙ፤ ሮም አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከመመለሳችሁ በፊት ታንኩን ሙሉና ደረሰኙን ያዙ። መኪናውን ስትረከቡ እንዳደረጋችሁት ሁሉ አራቱን ጎን፣ ቸርኬዎቹን፣ መስታወቱንና የነዳጅ ጌጁን በቪዲዮ ቅረጹ። ሠራተኛ ካለ አይቶ ይፈርም።

ወረቀቱንና ቪዲዮውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትጣሉ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የትራፊክ ቅጣት እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። ከመጣ በአምስት ቀን ውስጥ ስትከፍሉ አብዛኛው ቅጣት 30 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ።